ማርያማዊት አልተገኘችም

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ የትም አንብቤም አይደለም። ያላመነ ይለፈው፣ አልቀየምም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ቀን ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሐምሌ ስለሆነ ሰማዩ ጠቁሯል እንጂ ውጪ ሰው ይተራመሳል። ረዳቶች ይጮሃሉ። አጠና የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል...

ሌሊት ቢሆን እኮ ቅዠት ነው ብዬ እተወው ነበር።

አምሐ እባላለሁ። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ ባለች አንዲት ስቲከር ቤት ነበር የምሠራው። ታክሲ መስታወት ላይ የምታነቧቸው ጽሑፎች አሉ አይደል? ባጃጅ ላይም የሚለጠፉት? እነሱን እንቆርጥ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ የኔሰው ናቸው። ሠራተኞቹ እኔና ኑሕ።

ኑሕ ጓደኛዬ ነው። አብረን ነው ያደግነው። ኮምፒውተር ላይ ከእኔ ይሻላል፣ ግን ቀልድ አያልቅበትም። ሰው እየተቆጣው ራሱ ይስቃል።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ቴክኒክ ነገር የማይወድ ይታገሰኝ፣ አጭር ነው።

መቁረጫ ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው። እዚያ ላይ ፕሮግራም የሚጫነው በፓኬጅ ነው። ፓኬጅ ብቻውን አይቆምም። አንዱ ሌላውን ይፈልጋል፣ የሚፈልገው ከሌለ አልሠራም ይላል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽፈህ ትጠይቀዋለህ። ይሄ ምን ይፈልጋል? ይነግርሃል። ይሄንንስ የሚፈልገው ማነው? እሱንም ይነግርሃል።

በቃ ይኸው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... እኛ ጋ መብራት አይታመንም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይልን ዩፒኤስ ደግሞ ያረጀ ነው፣ አንዴ ጢጥ ጢጥ ማለት ከጀመረ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ እኔና ኑሕ አንድ ልማድ ነበረን። ኮምፒውተሩ የሚጽፈውን እስከ መጨረሻው አናነብም። ላይ ላዩን አየት፣ እሺ፣ እሺ፣ ኢንተር። መብራት ሳይሄድ እንጨርስ ነው።

ኢንተርኔቱም ስለሚቆራረጥ ፓኬጅ ከኔት አናወርድም። አንድ ሃርድ ዲስክ አለ፣ ከቴክኒሻን ወደ ቴክኒሻን የሚዞር። አንዱ ያወረደውን ይጨምርበትና ለሌላው ያሳልፋል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ለእኛ የደረሰን ከሳንሱሲ ነው፣ ኪዳን ከሚባል ልጅ። ኑሕ ነው ሄዶ ያመጣው።

«ኪዳን ምን አለህ?» አልኩት በዚያን ሰሞን።

«እሱንማ አላየሁትም። እህቱ ነች የሰጠችኝ። በሩን እንኳን አልከፈተችም፣ በስር አሾለከችልኝ።»

«መልክህን በቀዳዳ አይታ ነዋ።»

ሳቅን። ያኔ ያስቃል።

ያን ሐሙስ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ መቁረጫውን አላውቀውም አለ። ሁሉን ሞከርን፣ እምቢ። ኑሕ ዲስኩን ሰክቶ ሲፈልግ ቆየና አንድ ፓኬጅ አገኘ። ስሙ «ቆራጭ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ።

«የሐበሻ ልጅ ሥራ ነው። ኩራ አቦ» አለኝ።

ሊጭነው ሲል ኮምፒውተሩ መለሰ። እሱም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ግን አማርኛ ነው...

ቆራጭ የሚፈልገው፦ ኪዳን። ተጭኗል።

ቆራጭ የሚፈልገው፦ ወንድዬ። ተጭኗል።

ቆራጭ የሚፈልገው፦ ማርያማዊት። አልተገኘችም።

ተያየን።

«ሰው ነው እንዴ የሚፈልገው?» አልኩ።

«የሠራው ልጅ ሙድ እየያዘብን ነው። የጓደኞቹን ስም ሰጥቶት ይሆናል።»

«ተጭኗል ይላል እኮ። እኛ ኪዳን የሚባል ነገር መቼ ጫንን?»

ከታች ሌላም መስመር ነበር። ሳላነበው መብራቱ ብልጭ ድርግም አለና ዩፒኤሱ ጢጥ አለ።

«በኋላ ታነበዋለህ» አለና በግድ የሚጭንበትን ትእዛዝ ጻፈ። ኢንተር።

መቁረጫው ዝዝዝ ብሎ ተነሳ።

እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ድምፁ ራሱ ለስላሳ ሆነ። የአንድ ባለ ታክሲ ሥራ ነበረን፣ ጨረሰልን። ኑሕ ከኋላ ክፍል ጥቅል ስቲከር ሊያመጣ ሄደ፣ እኔ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ።

ስመለስ ማሽኑ ቆሟል። ግን ቀይ ስቲከር ገብቶበታል።

እኛ ቀይ አላስገባንም።

ኑሕ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሳስበው እሱም እኔ መስዬው ነው ዝም ያለው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያ ስም እየከነከነኝ ጠየቅኩ። ወንድዬ ምንድነው? ብዬ ጻፍኩ።

መለሰ።

ወንድዬ። ከዘነበወርቅ። ጸጥ ያለ። እጁ ፈጣን።

ከጎኑ መጠኑን ይጽፋል፣ ማንኛውም ፓኬጅ ላይ ያለ ነገር ነው። በሜጋባይት ነው የሚሆነው ሁሌ።

ይሄ በኪሎግራም ነበር።

«ኑሕ... ና እስቲ።»

መጥቶ በትከሻዬ ላይ አነበበው። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

በዚህ መሃል ጋሽ የኔሰው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

«እናንተ ልጆች፣ ሠራተኛ ልትቀጥሩልኝ ነው?»

«ምን አሉ ጋሼ?»

«በሩ ላይ የለጠፋችሁት ምንድነው ታዲያ?»

ወጥቼ አየሁ። መስታወቱ ላይ በቀይ ስቲከር፣ ጥርት ባለ ፊደል፣ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» ይላል። ከስቲከሩ ጀርባ የተላጠው ወረቀት መሬት ላይ ወድቆ ዝናብ እያራሰው ነው።

«አንተ ነህ?» አልኩት ኑሕን በሹክሹክታ።

«አንተ አይደለህም እንዴ?»

ጋሽ የኔሰው ያልሰሙ መስለው ኮታቸውን ሰቀሉ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳቸው።

«ጋሼ... ወንድዬ የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

እጃቸው ኮቱ ላይ ቀረ።

«ማን ነገረህ?»

«እንዲሁ ስሙን አይቼ ነው።»

«ከእናንተ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ። ሲሠራ ድምፁ አይሰማም።»

«ሰፈሩ የት ነበር?»

«ዘነበወርቅ።»

ኑሕ ዞሮ ስክሪኑን አየ።

«የት ሄዶ ነው ታዲያ?» አለ።

«የትም አልሄደም፣ ቤቱ ነው። አንድ ቀን ሥራ መሃል ብድግ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስደውል እናቱ ታነሳለች። ደህና ነው ትለኛለች።» ጋሽ የኔሰው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ደህና ከሆነ ለምን ታለቅሳለች?»

መነጽሩን መልሰው አድርገው ወደ ኋላ ክፍል ገቡ።

ኑሕ ስልኩን አወጣ።

«ማን ጋ ነው?»

«ኪዳን ጋ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ በመሃላችን አስቀመጠው። ለረጅም ጊዜ ጠራ። ሊዘጋው ሲል ሴት አነሳች።

«ሄሎ እህቴ፣ ኪዳንን ፈልጌ ነበር። ያን ቀን ዲስኩን የወሰድኩት ልጅ ነኝ።»

«ኪዳን ስልክ አያነሳም።» ሹክሹክታ ነው ድምጿ፣ የተኛ ሰው አጠገብ እንደሚያወራ ሰው።

«አሞት ነው?»

«አላመመውም... ሰካችሁት?»

«ምኑን?»

«ዲስኩን። ሰካችሁት?»

«አዎ።»

«ማንን ጠየቀ?»

ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ እኔ መለስኩ።

«ማርያማዊት የሚል ስም ነው። ግን እንዲህ የምትባል ሰው አናውቅም።»

«ትመጣለች» አለች። «ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንዳትቀመጥ። ሰማችሁኝ? ቁጭ ብላ ስሟን እንዳትጽፍ። ኪዳን ስሙን እስኪጽፍ ድረስ ደህና ነበር። ከጻፈ በኋላ... ወንድሜ አይደለም። ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ወንድሜ ግን አይደለም።»

«ይሄን እያወቅሽ ለምን ሰጠሽን?» አለ ኑሕ።

«ከቤቴ እንዲወጣ ብዬ ነው» አለች። ማልቀስ ጀመረች። «ወለተጻድቅ እባላለሁ። ስሜን የነገርኳችሁ ይቅር እንድትሉኝ ነው።»

ዘጋችው።

ኑሕ ሊያወራ አፉን ከፈተ...

በሩ ተንኳኳ።

«እንደምን ዋላችሁ። ማስታወቂያውን አይቼ ነው።»

ልጅቷ የእኛ እኩያ ናት። ዝናቡ መቷታል። የትምህርት ማስረጃዋ እንዳይረጥብ የያዘችበትን ፌስታል ጃኬቷ ውስጥ ከታ በሁለት እጇ አቅፋዋለች።

ጋሽ የኔሰው ከጓዳ ሰምተው ወጡ። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ከዝናቡ ግቢ። ስምሽ ማነው?»

«ማርያማዊት።»

እኔና ኑሕ ከእሷ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ እሷ አየን።

«ምነው፣ ስሜ ረዘመባችሁ?» ብላ ሳቀች። «ማሪ በሉኝ በቃ።»

ጋሽ የኔሰው ደስ አላቸው። ያስታውቃሉ፣ ሲወዱ ድምፃቸው ይቀየራል። «ኮምፒውተር ትችያለሽ?»

«ዲዛይን ነው የተማርኩት፣ ቴክኒክና ሙያ። መርካቶ አንድ ማተሚያ ቤት ነበርኩ፣ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም ጋሼ። እናቴንም የማያት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ቁጭ በይና ሞክሪያ። እስቲ ስምሽን ራሱ ጻፊልንና በሚያምር ፊደል ቁረጪው።»

ስምሽን ጻፊ አሏት፣ እውነቴን ነው።

ማሪ ፌስታሏን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

ኑሕ ተስፈንጥሮ ተቀመጠበት።

«ተይዟል» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ጋሽ የኔሰው።

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ።» ወደ እኔ ዞረና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ፣ «አስወጣት» አለኝ።

«እህቴ፣ ቦታ የለም። በስህተት ነው የተለጠፈው» አልኳት።

«አሁን ነው የተለጠፈው እኮ። ውሃው ራሱ ገና አልገባበትም።»

«አንተ ልጅ፣ ቤቱ የማነው?» አሉ ጋሽ የኔሰው። «ነይ ልጄ፣ እሱን አትስሚው።»

እሷም አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። ስክሪኑ በራ። ማንም አልነካውም። አንዲት መስመር ብቻ፣

ማርያማዊት...

ከዚያ መጻፊያውን ቦታ የምታሳየው ጭረት ትበራለች ትጠፋለች። ትጠብቃለች።

ሌላ መንገድ አልታየኝም።

«አልሰማሽም?» አልኳት። «እንዳንቺ ያለ አንፈልግም። ከየትም እየመጣችሁ ቁጭ ልበል ትላላችሁ። ውጪ።»

ፊቷ ተለወጠ። አልጮኸችም። ፌስታሏን አነሳች፣ መልሳ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው።

«እሺ» አለች። «አይሆንም ማለት ይበቃ ነበር።»

ወጣች። ጋሽ የኔሰው እንደዚያ ሲያዩኝ አይቼ አላውቅም። ጃንጥላቸውን ይዘው «ልጄ፣ ቆይ ልጄ» እያሉ ተከተሏት። በመስታወቱ አየኋቸው፣ ጃንጥላውን በላይዋ ዘርግተው ይለምኗታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ታክሲ ቆመ፣ ገባች። ሄደች።

ሄደች። ደረቴ ቀለል አለኝ።

«አሁን አጥፋውና እንውጣ» አልኩት ኑሕን።

«ማጥፋት አይበቃም። ነገ ሌላ ሰው ቢያስነሳውስ? ከሥሩ ነው የማወጣው።»

መጻፍ ጀመረ። ቆራጭ ይውጣ።

ኮምፒውተሩ መለሰ።

ቆራጭ ከወጣ አብረው የሚወጡ፦ ኪዳን፣ ወንድዬ።

«ወዴት ነው የሚወጡት?» አለ ኑሕ ቀስ ብሎ።

«እኔ እንጃ።»

«ወደ ቤታቸው ከሆነ ጥሩ ነው።»

«ካልሆነስ?»

መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጢጥ አለ። ጢጥ... ጢጥ...

«ኑሕ፣ ቆይ። መጀመሪያ ቆራጭ የሚፈልገውን ሙሉውን ጠይቀው። እስከ ታች እናንብበው።»

«ጊዜ የለም አምሐ። ሄዳለች አይደል? ከእንግዲህ ማንን ይጠይቃል?»

ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር መጣ። ይሄ እኛም የለመድነው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታዝ ኮምፒውተሩ ማንነትህን ይጠይቃል። በየቀኑ ስማችንን እንጽፋለን፣ እጃችን ሳናስበው ይጽፈዋል።

የሚያዘው ማነው?

«ኑሕ፣ አትጻ...»

ጻፈው። ኢንተር።

መስመሮቹ ወደ ላይ ሮጡ። ከዚያ ቆሙ። እዚያ የቆመውን ነው ያነበብኩት፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አነበዋለሁ።

ቆራጭ የሚፈልገው፦ ማርያማዊት፣ እሷ ካልተገኘች ኑሕ።

ተጭኗል።

ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች መስመሯ። ወደ ታች ዝቅ ብሎ ማንበብ ብቻ ነበር የቀረን።

ዩፒኤሱ ሞተ። ስክሪኑ ጠፋ።

ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ኑሕ ብድግ አለ። ጃኬቱን አልያዘም፣ ስልኩንም ጠረጴዛው ላይ ተወው። ቀጥ ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ኑሕ።»

አልዞረም።

«ኑሕ፣ ቀልድህን ተው።»

ተከትዬው ወጣሁ። ዝናቡ ያን ጊዜ ነው የባሰበት፣ ጎርፉ ድንጋይ ያንከባልላል። ሰው ሁሉ በረንዳ ሥር ተጠልሏል። ኑሕ ብቻ መሃል መንገዱን ይዞ ይሄዳል፣ አይሮጥም። እኔ እየሮጥኩ አልደረስኩበትም። ጥግ ጋ ሲታጠፍ አጣሁት።

ቤታቸው ቅርብ ነው። በሩን እናቱ፣ እትዬ ዙቤዳ ከፈቱልኝ።

«ምነው አምሐ ልጄ? ውሃ ሆነህ የለ እንዴ።»

«ኑሕ መጣ?»

«አሁን ገባ፣ ይኸውልህ።»

ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል። ከእኔ ልብስ ውሃው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

እሱ ደረቅ ነው። ፀጉሩ እንኳን። በር ሥር ያወለቀው ጫማ ላይም ጭቃ የለም።

«ዛሬስ ልጄን ምን እንዳበላችሁልኝ እንጃ» አሉ እትዬ ዙቤዳ እየሳቁ። «ጫማህን አውልቅ አልኩት፣ አወለቀ። ቁጭ በል አልኩት፣ ተቀመጠ። በሌላ ቀን እኮ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለምኜ ነው።»

አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ኑሕ... ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ድምፁ የራሱ ነው። ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው።

«ታውቀኛለህ?»

«አምሐ። ከኮልፌ። ቶሎ ይደነግጣል።»

እትዬ ዙቤዳ ሳቁ። «እንዲህ ነው የጓደኛ ነገር» አሉ። ሻይ ቀዱለትና እጁ ላይ አስያዙት፣ ለእኔም ሊቀዱ ወደ ቴርሞሱ ዞሩ።

ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ይወጣል። ዓይኑን አላርገበገበም።

«ጠጣ እንጂ ልጄ» አሉት ዞር ሳይሉ።

ጠጣ።

እትዬ ዙቤዳ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፣ የጎረቤት አጥር እንደወደቀ፣ ውሃው እስከ ደጃፍ እንደደረሰ። እሺ እሺ እላለሁ። አልሰማቸውም። እሱን ነው የማየው።

ብርጭቆውን ከአፉ አላወረደውም።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ሻዩ አልቋል። ቅጠሉ ብቻ ነው ታች የቀረው።

ጉሮሮው ግን... ይወጣል፣ ይወርዳል። ይወጣል፣ ይወርዳል።